ድንጋዩን ሳይገለብጡ «ጅረቱ ንጹሕ ነው» ማለት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጦቻችን ስለ ጅረቶችና ወንዞች ሲጻፍ ፍርዱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ኩልል ብሎ የሚወርድ ንጹሕ ውኃ»፣ ወይ «የተበከለ»። ፍርዱ የሚሰጠውም በዓይን ግምት ነው፤ ካልሆነም አንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ከላቦራቶሪ በመጣ ወረቀት። እኛ የጅረት ሥነ ሕይወት ሙያተኞች ስለሆንን፣ በደን ውስጥ የሚያልፍ ጅረት ጤንነቱ በምን በምን እንደሚመዘን፣ መዛኙም የት የት እንደሚሳሳት ዘርዘር አድርገን መጻፍ ፈለግን። በሐሳባችን የያዝናቸው ከእንጦጦ ወደ ቀበና የሚወርዱትን ጅረቶችና በወጨጫ ተራራ የመናገሻ ሱባን ደን የሚያቋርጡትን ነው። ሁለቱም ለአዲስ አበባ ቅርብ ናቸው፤ ሁለቱም ከደን ይነሣሉ። ደን ስንል ግን አንዱ በአመዛኙ ባሕር ዛፍ፣ ሌላው ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባና ኮሶ መሆኑን ከወዲሁ ልብ በሉልን።

ጠርሙሱ የሚናገረው ውኃው በተቀዳበት ደቂቃ ስለነበረው ነገር ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ የሳሙና ወይም የዘይት ፍሳሽ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከቦታው አልፎ ሄዷል፤ ናሙናው ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በድንጋዩ ሥር የሚኖሩት የነፍሳት እጮች ግን ከዚያ ንቅንቅ አይሉም። ብዙዎቹ ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ በውኃው ውስጥ ያድጋሉ። ሌሊት የመጣውን ፍሳሽ ቀምሰውታል፤ ያልቻሉት ሞተዋል ወይም ተጠርገው ሄደዋል፣ ቦታቸውን ለመሙላትም ሳምንታት ይወስዳል። የማን ቤት ባዶ እንደሆነ ማንበብ የሚችል ሰው ላቦራቶሪው ያላየውን ያያል።

መቼ ይሂዱ? ክረምት ላይ አይሂዱ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጎርፍ ድንጋዩን እያንከባለለ እንስሳቱን ያጥባቸዋል፤ ያኔ ባዶ መረብ ያወጣ ሰው የጎርፉን ሥራ ብክለት ብሎ ይጽፈዋል። ውኃው ጎደል ብሎ በሚረጋበት በኅዳር፣ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ በበጋው መጨረሻ፣ በየካቲት ገደማ ይሠራል። በመካከል ድንገተኛ ከባድ ዝናብ ከጣለ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ቢቻል 4 ይጠበቃል። የኅዳርን ውጤት ከሌላ ጅረት የየካቲት ውጤት ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም።

ቦታው 100 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ የጅረት ክፍል ይሁን፤ ውኃው ድንጋይ ላይ እየተንሿሿ የሚወርድበትንም፣ የሚረጋበትንም ጎድጓዳ የያዘ። ድልድይ ወይም ከብት መሻገሪያ ካለ ከእሱ በላይ ይመረጣል፤ ካልሆነ የሚለኩት ጅረቱን ሳይሆን መሻገሪያውን ነው። ከሁሉም በላይ የማነጻጸሪያ ቦታ ያስፈልጋል፤ ማለትም በዚያው ተራራ፣ በዚያው የድንጋይ ዓይነት ላይ፣ የሰው እጅ እምብዛም ያልነካው ሌላ ክፍል። ከፍታውም መቀራረብ አለበት። ምንጩ ጫፍ 2,900 ሜትር ላይ ያለውን ቀዝቃዛ ውኃ 2,300 ሜትር ላይ ካለው ጋር ቢያወዳድሩ፣ የሚያገኙት ልዩነት ግማሹ የብርድና የሙቀት ልዩነት ነው። ምንጭ አፍ ላይ ደግሞ የሙቀት መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ስለማይለዋወጥ የእንስሳቱ ዓይነት በተፈጥሮው ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑ በሽታ አይደለም።

ውኃው ውስጥ ከመግባት በፊት ዳርቻው ይታያል። በየ20 ሜትሩ መሐል ላይ ቆሞ ሽቅብ በማየት ሰማዩ ስንት እጅ በቅጠል እንደተሸፈነ ይገመታል፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ገምተው ይጻፉ፣ ከ20 በመቶ በላይ ከተለያዩ እንደገና ይዩ። ጥላ ለደን ጅረት ከውበት በላይ ነው። ከጥላው ሥር ፀሐይ ስለማይገባ አልጌው ትንሽ ነው፤ የእንስሳቱ ቀለብ ከላይ የሚረግፈው ቅጠል ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍና ወይራ ለጅረቱ አንድ አይደሉም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይትና መራራ ውሕዶች ስላሉበት ቅጠል ከርታፊዎቹ እንስሳት ቶሎ አይደፍሩትም። ከዛፎቹ ሥር ቁጥቋጦና ሣር ሲሳሳም አፈሩ ተገልጦ ይቀራል፣ ዝናብ ሲመጣ በቀጥታ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። አረንጓዴ ተራራ አይቶ «ደኑ ውኃውን ጠብቆታል» የሚል ሰው የቱ ደን እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

የሚወርደው አፈር ምን እንዳደረገ ለማወቅ ከሚንሿሿው ቦታ ቡጢ የሚያክሉ 10 ድንጋዮች ያንሡ። ድንጋዩ በቀላሉ ከተነሣና የተቀበረው ክፍሉ ከሩብ ካነሰ ጥሩ ነው፤ ከግማሽ በላይ በደለል ከተቀበረ፣ ሲነሣም ቡናማ ደመና ከለቀቀ፣ እንስሳቱ የሚጠለሉበት ስንጥቅ ሁሉ ተደፍኗል ማለት ነው። ውኃው ራሱ ግን በዚያው ሰዓት ብርጭቆ ይመስል ይሆናል! በበጋ ጥርት ያለ፣ ከሥሩ ግን የታነቀ ጅረት በእኛ ደጋ በጣም የተለመደ ነው። የወደቁ ግንዶችንም ይቁጠሩ። ጅረት ሲጸዳ ግንድ ጎትቶ ማውጣት ልማድ ሆኗል፤ ግንዱ ግን ውኃውን አግዶ ጎድጓዳ የሚሠራ፣ ቅጠሉንም ይዞ የሚያስቀር የቤቱ ምሰሶ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት የተጀመረውን ሥራ በዚህ ዓይን ማየትም ይጠቅማል። የተነጠፈ ድንጋይና የተከረከመ ሣር ለመናፈሻ ጥሩ ነው፤ ለጅረቱ ግን ጥላ፣ ግንድና ያልተደፈነ ጠጠር መቅረቱን ካልለካን ምን እንዳተረፈ አናውቅም።

ከዚያ መሣሪያው ይወጣል፦ የሙቀት መጠን፣ የተሟሟ ኦክስጅን፣ ፒኤች (የአሲድነት መጠን)፣ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅምና ድፍርስነት። መለኪያው ሁልጊዜ ሰው ከቆመበት ሽቅብ በኩል ባለው ውኃ ውስጥ ይገባል። የፒኤች መለኪያው በየጠዋቱ በ7 እና በ4 መለኪያ ፈሳሾች ይስተካከላል፤ «ትናንት ተስተካክሏል» አይሠራም። ኦክስጅኑ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። ባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውኃ ሲሞላ በሊትር ወደ 10.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ከፍታ፣ 2,400 ሜትር ላይ፣ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ውኃ ጢም ብሎ ሞልቶ 7.5 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። የሌላ አገር ሠንጠረዥ ይዞ 7 ያገኘ ሰው «ኦክስጅን አንሷል» ብሎ ሊጽፍ ነው፤ ውኃው ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ ነው። ስለዚህ ከሚሊ ግራሙ ጋር የመቶኛ ሙሌቱም፣ ከፍታውም ይጻፍ።

ሰዓቱም ይጻፍ። ጥላው በተቆረጠበት ክፍል አልጌ ይበዛል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አልጌው ኦክስጅን እያመረተ ሙሌቱን ከ100 በመቶ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ ሌሊቱን ሲተነፍስ አድሮ ያሟጥጠዋል። ቀን ብቻ የለካ ሰው የታመመውን ክፍል ከጤነኛው አብልጦ ያሞግሰዋል። የማስተላለፍ አቅሙ ግን ቀላልና ታማኝ ነው፤ በውኃው ውስጥ የሟሟውን ጨው ጠቅላላ ይናገራል። በሁለት ቦታዎች መካከል ገባር ሳይገባ፣ ድንጋዩም ሳይለወጥ ቁጥሩ እጥፍ ከሆነ፣ በዚያ መሐል ፍሳሽ የሚገባበት ቱቦ ወይም መጸዳጃ አለ፤ እየለኩ ሽቅብ መውጣት ነው።

የውኃውን መጠን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ 10 ሜትር ይለካና ብርቱካን ይለቀቃል። ብርቱካን የሚመረጠው አብዛኛው አካሉ ውኃ ውስጥ ስለሚሰጥም ነፋስ ስለማይነዳው ነው፤ ፕላስቲክ ጠርሙስ ግን ነፋሱን ይለካላችኋል። 3 ጊዜ ይደገምና አማካዩ ይወሰዳል። ለምሳሌ በ25 ሰከንድ ከደረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው፤ ላይኛው ውኃ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 ይባዛል፣ 0.34 ይሆናል። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.2 ሜትር ቢሆን በሰከንድ 102 ሊትር ያህል ይፈስሳል። ይህ ቁጥር ከሌለ የሌላው ሁሉ ትርጉም ይጎድላል፤ ያው አንድ ባልዲ ፍሳሽ በኅዳር ውኃና በየካቲት ውኃ ውስጥ አንድ አይደለምና።

አሁን ወደ ዋናው። መረቡ አፉ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ቀዳዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ይሁን። የወባ አጎበር ቆርጦ መስፋት የተለመደ ቁጠባ ነው፤ ነገር ግን የአጎበር ቀዳዳ ከ1 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ ትንንሾቹ በሙሉ ያመልጣሉ። ነጠላ ወይም ሻሽ ደግሞ በተቃራኒው ውኃውን አያሳልፍም፤ ውኃው ከመረቡ አፍ ተመልሶ ሲፈስስ እንስሳቱን ይዟቸው ይወጣል። ሥራው ከታች ይጀመርና ወደ ላይ ይኬዳል፤ አለዚያ የእራስዎ እግር የቀሰቀሰው ነገር ሁሉ ቀጣዩን ናሙና ያበላሻል። መረቡ ውኃው በሚወርድበት በኩል ከእግር ቁልቁል ተተክሎ፣ ከፊቱ ያለው 25 በ25 ሴንቲ ሜትር መሬት በእግር ይታመሳል፤ ትልልቁ ድንጋይ በእጅ ተነሥቶ መረቡ አፍ ላይ ይታሻል። እንዲህ ያለ 20 ጊዜ ይወሰዳል፣ በድምሩ 1.25 ካሬ ሜትር። ሃያው የሚከፋፈለው እንደ መኖሪያዎቹ ስፋት ነው፤ የጅረቱ ወለል ግማሹ ድንጋይ ከሆነ 10ሩ ከድንጋይ፣ ሩቡ የቅጠል ክምር ከሆነ 5ቱ ከቅጠል፣ የቀረው ከአሸዋና ከዳርቻ ሥሮች። ጀማሪ ሁልጊዜ ለእግሩ የሚመቸውን አሸዋማ ጎድጓዳ ይመርጣል፤ ያ ደግሞ በጤነኛ ጅረትም ቢሆን ድሃው ሰፈር ነው።

በጤነኛ ደን ጅረት ድንጋይ ገልብጦ ሸርጣን ማግኘት የተለመደ ነው፤ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንዲሉ፣ ጣትዎን ይጠብቁ። ከቁም ነገሩ ግን፣ በመካከለኛ ከፍታ ላይ ባሉ ጅረቶች ቢልሃርዚያ አለና የጎማ ቦት ጫማና ረጅም ጓንት ሳያደርጉ አይገቡም።

የተያዘው ሁሉ በባልዲ ይታጠብና በነጭ ትሪ ላይ በስስ ውኃ ይዘረጋል። አይቸኩሉ፤ ትሪውን ለ2 ደቂቃ ዝም ብለው ያስቀምጡት። ትሪኮፕቴራ ከሚባሉት የነፍሳት እጮች ብዙዎቹ ከአሸዋና ከቅጠል ስብርባሪ በሠሩት ቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ጭራሮ ይመስላሉ፤ መራመድ ሲጀምሩ ነው የሚታወቁት። በወረንጦ ተለቅመው 80 በመቶ አልኮል ውስጥ ይገባሉ። ከአካላቸው የሚወጣው ውኃ አልኮሉን ስለሚያቀጥነው በማግስቱ ይለወጣል፤ ካልተለወጠ ከወር በኋላ የሚከፈተው የበሰበሰ ገንፎ ነው። ቦታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም በእርሳስ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከእንስሳቱ ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ይገባል። በስክሪፕቶ የተጻፈውን አልኮሉ ያጥበዋል፤ ክዳን ላይ የተጻፈው ደግሞ ክዳን ሲቀያየር ይቀያየራል።

ነጥብ አሰጣጡን በቀላሉ ለመጀመር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለተማሪዎችና ለነዋሪዎች የተዘጋጀው ሚኒሳስ የሚባል የነጥብ ዘዴ ይበቃል። እንስሳቱን በ13 ቡድን ብቻ ይከፍላል። ብክለት የማይችሉት ከፍ ያለ ነጥብ አላቸው፤ ፕሌኮፕቴራ (ስቶንፍላይ የሚባሉት በራሪ ነፍሳት እጭ) 17፣ ኤፌመሮፕቴራ (ሜይፍላይ የሚባሉት እጭ) 11፣ ከእነሱ ውስጥ ዓሣ መሳይ ቀጭኖቹ ግን ለብቻ 5፣ ትሪኮፕቴራ 9፣ ሸርጣን 6፣ የትልቁ የውኃ ተርብ እጭ 6፣ የቀጭኑ 4፣ ጢንዚዛና የውኃ ትኋን 5፣ ቀንድ አውጣ 4፣ ጠፍጣፋ ትል 3፣ አልቅት፣ ሌሎች ትሎችና የዝንብና የትንኝ እጮች እያንዳንዳቸው 2። የተገኙት ቡድኖች ነጥብ ተደምሮ ለቡድኖቹ ብዛት ይካፈላል። ከደኑ ውስጥ ኤፌመሮፕቴራ ሁለቱም ዓይነት፣ ትሪኮፕቴራ፣ ሸርጣን፣ የትልቁ ተርብ እጭ፣ ጢንዚዛና የዝንብ እጭ ቢገኙ 44 ለ7፣ ማለትም 6.3 ይሆናል። ከመንደሩ በታች የዝንብ እጭ፣ ትል፣ አልቅት፣ ቀንድ አውጣና የውኃ ትኋን ብቻ ቢገኙ 15 ለ5፣ 3 ነው። በታችኛው ትሪ ላይ የእንስሳት ቁጥር ከላይኛው ሊበልጥ ይችላል፤ ደም የመሰለ ቀይ ትል በሺህ ይርመሰመሳል። ቀይ ያደረገው በደማችን ያለው ዓይነት ሂሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ጭቃ የሚያኖረውም እሱ ነው። «ውኃው ሕይወት ሞልቶታል» ብሎ ፎቶ የሚያነሳ ጋዜጠኛ እዚህ ላይ ይጠንቀቅ።

አንድ ስሕተት ውጤቱን እንዴት እንደሚገለብጠው እንይ። ኤፌመሮፕቴራ ብዙ ጊዜ 3 ጭራ አላት፤ ግን ባለ 2 ጭራም አለች፣ በመረቡ ውስጥ ጭራ የሚሰበርባትም ብዙ ናት። ፕሌኮፕቴራ ሁልጊዜ 2 ጭራ አላት። ጭራ ብቻ ቆጥሮ ቀጭኗን የ5 ነጥብ እጭ ባለ 17 ያደረገ ሰው፣ ከላይ ያለውን 6.3 ወደ 8 ያዘልለዋል። መለያው እግሩ ነው፤ ፕሌኮፕቴራ በእያንዳንዱ እግር ጫፍ 2 ጥፍር፣ ኤፌመሮፕቴራ 1 ብቻ አላት፤ ኤፌመሮፕቴራ ደግሞ በሆዷ ግራና ቀኝ ቅጠል መሳይ የመተንፈሻ ስንጥብ ታራግባለች። የእጅ አጉሊ መነጽር ይበቃል። በዚህ ላይ፣ ፕሌኮፕቴራ በእኛ ደጋ ከጥንቱም ብርቅ ስለሆነች አለመገኘቷ የጅረቱ ጥፋት አይደለም። የአውሮፓና የደቡብ አፍሪካ የደረጃ ወሰን ሳይታረም እዚህ ሲመጣ ጤነኛውን ጅረታችንን «መካከለኛ» የሚያደርገውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለኢትዮጵያ ደጋ ጅረቶች ተብሎ የተዘጋጀና በ2015 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ ኢትባዮስ የሚባል የነጥብ ሥርዓት አለ፤ እንስሳቱን እስከ ቤተሰብ ደረጃ መለየት ስለሚጠይቅ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ለይፋዊ ሪፖርት ግን እሱን መጠቀም ይገባል። ከ10 ትሪ አንዱን ደግሞ ሌላ ሰው እንደገና ይልቀመው፤ ሲመሽና ዓይን ሲደክም የሚቀሩት ሁልጊዜ ትንንሾቹ ናቸው።

እንስሳቱ መኖራቸው ብቻ ሳይሆን መሥራታቸውም ይለካል። የደረቀ የአንድ ዛፍ ቅጠል 5 ግራም እየተመዘነ ግማሹ ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር በሆነ፣ ግማሹ ግማሽ ሚሊ ሜትር በሆነ ከረጢት ይገባል፤ ከዳርቻ ዛፍ ሥር ጋር ታስሮ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ በ2፣ በ4 እና በ8 ሳምንት ጥቂት ጥቂት ከረጢት እየተነሣ፣ ቅጠሉ ታጥቦና ደርቆ ይመዘናል። በጠባቡ ከረጢት ውስጥ የሚያበሰብሱት ፈንገስና ባክቴሪያ ናቸው፤ በሰፊው ከረጢት ተጨማሪ የጠፋው የእንስሳቱ ድርሻ ነው። ልዩነት ከሌለ ቅጠል ከርታፊዎቹ የሉም። በሁለቱ ቦታዎች የተለያየ ዛፍ ቅጠል ማስቀመጥ ሙከራውን ከንቱ ያደርገዋል፤ አንዱ ወይራ ሌላው ባሕር ዛፍ ከሆነ የተለካው ቅጠሉ ነው።

አንድ ነገር ሳይምታታ፦ ጅረቱ በዚህ ሁሉ መለኪያ ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ፣ ውኃው ግን ሳይፈላ የማይጠጣ ሊሆን ይችላል። ለመጠጥ የሚፈለገው በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ኢ. ኮላይ (ከሰውና ከእንስሳት አንጀት የሚወጣ ባክቴሪያ) ጭራሽ እንዳይገኝ ነው፤ ጦጣና ድኩላ የሚውሉበት ደን ይህን አያሟላም። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስር አንባቢ ጣሳውን ይዞ ይወርዳል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ስለ አንድ ጅረት «ንጹሕ ነው» ወይም «ተበክሏል» የሚል ዜና ሲወጣ፣ የተለካበት ቦታና ከፍታ፣ ወሩና ሰዓቱ፣ በምን ዘዴ እንደተለካና ከየትኛው ቦታ ጋር እንደተነጻጸረ ከዜናው ሥር በሁለት መስመር ይታተም። እነዚህን መመለስ ያልቻለ ምንጭ ካጋጠማችሁ፣ ናሙናው የተቀመጠበትን የአልኮል ጠርሙስ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ከተጠራጠራችሁ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ እንደገና ሊቆጥረው ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጅረት ሥነ ሕይወት ሙያተኞች
አዲስ አበባ